ግንደ ቆርቁርን ፍለጋ

ወፍ ለማየት በቡድን መውጣት ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላቱን ለዚሁ ሲያወጣ ኖሯል። ሰቆጣ ላይ ሆነው ልጆችን ይዘው ለመውጣት ካሰቡ ግን ጫካ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። በዋግ ኽምራ ደጋ የቆየ ጥድና ወይራ ባብዛኛው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ካህናቱን አስፈቅዶ ማልዶ መድረስ ነው።

አስቸጋሪው ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኘው ግንደ ቆርቁር ነው። ትንሽ ነው፤ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ወርቃማ ይመስላል፤ ማጅራቱ የሚቀላው የወንዱ ብቻ ነው። ብዙ ስለማይጮህ ግንድ ሲቆረቁር ማዳመጥ ይሻላል። በጆሮ ልጆች ይበልጡናል፤ ዝም ብሎ በመቀመጥ ግን እኛ አያቶች።

ግማሽ ቀን ጠብቆ ሳያዩት መመለስም አለ። ያኔ ልጆቹ በደረቀ ግንድ ላይ ክብ ቀዳዳ ይፈልጉ። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው በሞተ እንጨት ነው፤ ትቶት ሲሄድ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል። ለማገዶ ቀድሞ የሚቆረጠውም ያው «ደርቋል፣ ምን ይሠራል» የምንለው ዛፍ ነው። ልጁ ቀዳዳውን እያየ «ታዲያ ለምን ይቆርጡታል?» ማለቱ አይቀርም።