ያውቁ ኖሯል? ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና የጓዳው መድኃኒት

ጉንፋን አንድ በሽታ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ከ200 በላይ ቫይረሶች ተራ በተራ እየመጡ የሚያደርሱብን ተመሳሳይ ሕመም ነው። ዋነኛው ራይኖቫይረስ ሲሆን እሱም ብቻውን ከመቶ በላይ ዓይነት አለው። ለአንዱ ክትባት ቢሠሩለት ሌላው ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፤ እስካሁን ለጉንፋን ክትባት ያልተገኘለት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ጤነኛ አዋቂ በዓመት 2 ወይም 3 ጊዜ ይይዘዋል፣ ሕፃናት ከዚያ ይብሳሉ። መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጅ አፍንጫው ሳይደርቅ ወራት ቢያልፉ ወላጅ ልጄን ምን ነካው ብሎ አይደንግጥ።

«ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» ታክሲ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ብርድ ብቻውን ግን ጉንፋን አይወልድም፤ ቫይረሱ ከሰው መምጣት አለበት። እርግጥ ብርድን ሙሉ በሙሉ ነፃ አናወጣውም። ራይኖቫይረስ ከ37 ዲግሪ ይልቅ በ33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበልጥ ይራባል፤ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ አፍንጫ ውስጡ ያን ያህል ነው። ቢሆንም ከኋላ ወንበር የሚያስለው ሰው ትንፋሽ የሚወጣበት ብቸኛ ቀዳዳ ያ መስኮት ነው። እኔ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ እስካሁን በድምፅ ብልጫ ተሸናፊ ነኝ።

ጉንፋን ቀስ ብሎ ይገባል፦ ዛሬ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነገ አፍንጫ ይፈሳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ጠዋት ሥራ የገባውን ሰው ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ይጥለዋል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በአንድ ጊዜ ይወርዱበታል። ደግሞ ሕመሙ ከመታወቁ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ለሌላ ሰው ይተላለፋል።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ጓሯችን። ዳማከሴን የማያውቅ የደጋ ቤት ይኖራል? ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ግንባር ላይ ይቀባል፣ ቡና ውስጥ ጠብ ተደርጎም ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለኅትመት የበቃ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ፍንጩ ግን ለእናቶቻችን ይመሰክራል።

ይበልጥ የሚገርመው የምች ነገር ነው። ምች መታው የሚባለው ሰው ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣበታል። አረጋውያን ምክንያቱን ሲጠየቁ «ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነው» ይላሉ። ሐኪሞች ደግሞ ያ የከንፈር ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በተባለ ቫይረስ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቫይረሱ አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ከእንቅልፉ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከልም ትኩሳትና ኃይለኛ ፀሐይ ይገኙበታል። ስለዚህ ፀሐይዋን ሲከሱ የኖሩት አያቶች ግማሹን እውነት ይዘው ነበር። «የተማረ» ልጅ ሲስቅባቸው ዝም ማለታቸው ትዕግሥት ነው።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው። በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ስለሚያነሳሳ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘውም እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ያስቋጥራል።

በደጋው አገር የሚለቀመው ጦስኝ የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ ሁለት ዝርያዎች አሉት። መዓዛውን ከሚሰጡት ዘይቶች አንዱ ታይሞል ይባላል፤ በፋብሪካ በሚሠራው የአፍ መጉመጥመጫ በሊስተሪን ውስጥም ይገኛል። ጉሮሮዎን ሲከረክርዎ የሚጠጡት የጦስኝ ሻይ እንግዲህ የሩቅ ዘመዱ ነው።

ባሕር ዛፍ ቀቅሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ጥንታዊ የአባቶች ሕክምና ይመስለን ይሆናል። ዛፉ ግን ከአውስትራሊያ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንፋሎቱ የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ያቀል ይሆናል እንጂ ጉንፋኑን እንደሚያሳጥር ጥናቶች አልተስማሙም። በተረጋገጠው ጉዳት ላይ ግን ክርክር የለም፦ የፈላ ውኃ ድስት ተገልብጦባቸው የሚቃጠሉ ሕፃናት። ልጅን በእንፋሎት አያጥኑ። የባሕር ዛፍ ዘይትም አይጠጣም፤ ጥቂቱ እንኳ ሕፃንን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ቪክስ ስንቀባ «አፍንጫዬ ተከፈተ» የምንለው የአየሩ መተላለፊያ ሰፍቶ አይደለም። ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚለዩትን ነርቮች ይነካና አየሩ በደንብ የገባ ያስመስላል። የሚያስተኛ ማታለል ነውና አልቃወምም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይቀባም፣ አዋቂም ቢሆን አፍንጫው ውስጥ አይጨምረው።

ከጓዳው መድኃኒቶች ሁሉ ሳይንስ ፊት ቆሞ የተሻለ የተመሰከረለት ማር ነው። ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ማር ካለመታከም ይልቅ ሳልን ሳያስታግስ እንደማይቀር አመልክተዋል፤ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ ይበቃል። አንድ ጥብቅ ገደብ አለው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጠብታም አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ አድጎ፣ ቦቱሊዝም የሚባል ሰውነትን የሚያልፈሰፍስ ሕመም የሚያመጣ መርዝ ያመነጫል። ዘሩ በፈላ ውኃ ስለማይሞት «ሻይ ውስጥ አፍልቼዋለሁ» ማለት አያድንም።

የዶሮ መረቅ በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስ ያዘዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለታተመ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ የኔብራስካ ተመራማሪው ስቴፈን ሬናርድ የባለቤቱን አያት የሾርባ አሠራር ይዞ ቤተ ሙከራ ገባ። መረቁ እብጠትና ንፍጥ የሚያስከትሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት እንቅስቃሴ ቀነሰ። ሙከራው በመስታወት ዕቃ ውስጥ እንጂ በታማሚ ላይ አልነበረም። ጾም ከሆነ አጥሚቱም ትኩስ ፈሳሽ ነው፣ ጉሮሮም ያለሰልሳል።

ለጉንፋን ቫይታሚን ሲን በዓለም ያስወደደው፣ ሁለት የኖቤል ሽልማቶችን ለብቻው የተሸለመው ላይነስ ፓውሊንግ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ፣ በየቀኑ የሚወስድ ሰው እንደማንኛችንም በጉንፋን ይያዛል፤ ሕመሙ ግን ለአዋቂ በ8፣ ለልጅ በ14 በመቶ ገደማ ያጥራል። ከታመሙ በኋላ መጀመር የረባ ለውጥ አላሳየም። ሎሚዎን ይጭመቁ፤ ለውድ ክኒን ብለው ግን የወር በጀትዎን አያናጉ።

ካቲካላ በማር? ያሞቃል ይባላል። የሚሞቀው ቆዳ ነው፤ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሰውነትም ውኃ ያጣል። ፓራሲታሞል ለዋጠ ሰው ደግሞ ጉበቱን የሚያስጨንቅ ጥምረት ነው። ስለ ፓራሲታሞል ካነሣን፣ «የጉንፋን» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ቅይጥ ክኒኖች ውስጡ አላቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ሳያውቅ እጥፍ ይወስዳል፤ የአዋቂ የቀን ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ነው። አስፕሪን ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ ራይ የሚባል ከስንት አንድ የሚያጋጥም ግን ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ንፍጡ አረንጓዴ ስለሆነ አሞክሳሲሊን የገዙ ስንቶች ናቸው? ቀለሙ የሚመጣው ቫይረሱን ሊዋጉ ከተሰለፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ በውስጣቸው ብረት ያዘለ አረንጓዴ ኢንዛይም አለ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። በየሳሉ የሚዋጠው ክኒን የሚያሠለጥነው፣ ነገ የምር ሲያስፈልግ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን ባክቴሪያ ነው።

ሳል ለበዛበት ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ ዛሬም አልጠፋም። በዚህ ላይ ለስለስ ብዬ አልጽፍም። እንጥል ሳልን አያመጣም፣ ቢቆረጥም ጉንፋኑ አይድንም፤ በራሱ ጊዜ ሲተው ምስጋናው ለቆራጩ ይሆናል። ቅጣቱን ግን ልጁ ይከፍላል፦ የማይቆም ደም፣ መመረዝ፣ ቴታነስ፣ በጋራ ምላጭም ኤች አይ ቪ። በሕፃን አፍንጫ ቅቤ ማንጠባጠብም ከዚሁ ተርታ ነው፤ ቅባቱ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል።

እንቅልፍ መድኃኒት ነው ሲባል እንደ ተረት ያዩታል? በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች 153 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ራይኖቫይረስ ጨምረው ጠበቁ። በሌሊት ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት፣ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው 3 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያጠፋው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደቀጠፈ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ድነዋል። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ከዚያ 15 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆሻሻ መጥረጉን አወድሳለሁ፤ ጭሱን ግን አስም ያለበት ጎረቤት ይጠየቅ።

ልጅ ሲታመም ቴርሞሜትር ባይኖር የእጅ ሰዓት ይበቃል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጠው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ነገሩ ከጉንፋን አልፏል፤ ዳማከሴውን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። አዋቂም ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከቀባዠረ፣ ወይም ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ካገረሸ ቤት አይቀመጥ።

መጨረሻ አንድ የምሥራች፦ ቢ ያማጋታ የተባለ የኢንፍሉዌንዛ ዘር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ በተፈጥሮ ሲዘዋወር መታየቱ አልተረጋገጠም። በኮቪድ ሰሞን ጭምብል አጥልቀን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ከቤት ሳንወጣ ስንከርም የሚያርፍበት ሰው ያጣ ይመስላል። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሠሩ ክትባቶችም እሱን ከዝርዝራቸው ማውጣት ጀምረዋል።