ብረት ያቀላው አፈር

በክረምት ከጅማ ወደ ቦንጋ የተጓዘን ሰው ጫማው ይመሰክርበታል። ነጭ ሱሪ ለብሶ የሄደማ አይጠየቅም፤ ያ ቅላት በአንድ እጥበት የሚለቅ አይደለም። በከፋና በጅማ፣ በወለጋ፣ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በአዊም ደጋ የሚገኘውን ይህን አፈር ገበሬው «ቀይ አፈር» ብሎ ያልፈዋል። የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «የሚያብረቀርቅ» ማለት ነው። ጭቃ ምኑ ያብረቀርቃል የሚል ካለ ከጉድጓድ ግድግዳ አንድ ጓል ፈልቅቆ በእጁ ይፈርክሰው። ጓሉ ባለ ማዕዘን ጥቃቅን ፍርካሽ ይሆናል፤ የፍርካሹ ፊት ወደ ፀሐይ ሲዞር ሰም የተቀባ ይመስላል።

ቅላቱ ዝገት ነው። የእሳተ ገሞራ አለት በሙቀትና በዝናብ ለሺህ ዘመናት ሲበሰብስ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ ከውሃ ጋር ይሄዳሉ። ብረትና አሉሚኒየም ግን በቀላሉ ስለማይሟሙ እዚያው ይቀራሉ። የዚህ አፈር በጎነትም ክፋትም ከሞላ ጎደል ከዚህ ቀሪ ብረት ይመዘዛል።

በጎነቱን እናስቀድም። ኒቲሶል ለመባል አፈሩ ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ነው። ይህን ያህል ሸክላ ያለው መሬት ውሃ ይተኛበታል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል፤ ዋልካን ያየ ሰው ያውቀዋል። የዋልካ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የቀዩ ሸክላ ግን እምብዛም አያብጥም፤ በዚያ ላይ ብረቱ እንደ ሙጫ ሆኖ ቅንጣቶቹን ስለሚያያይዝ በመካከላቸው ውሃና አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይተርፋል። ስለዚህ ዝናቡ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከዝናብ በኋላም ሳይቆይ ይታረሳል። ጥልቀቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። የቡና ሥር በበጋ ያን ታች የተጠራቀመ እርጥበት ፈልጎ ይወርዳል። ቡናና እንሰት ይህን መሬት የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ክፋቱ። ያው ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ሆኖ ፎስፈረስን ጨብጦ ይይዛል። ገበሬው ተበድሮ የበተነው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ዝናቡ ካልሲየሙን ባጠበ ቁጥር አፈሩ ይኮመጥጣል፤ የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የሥርን ጫፍ ያደነዝዛል። ገብስ ይህን አይችልም። ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። በየዓመቱ የሚጨመረው ዩሪያ ራሱ ኮምጣጣነቱን ያባብሰዋል፤ ይህን ለገበሬው በቅጡ የነገረው ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰውም እንደ መሬቱ ጠባይ መላ ይፈልጋል። በከፋ ዉሽዉሽ፣ በኢሉባቦር ጉመሮ የሻይ እርሻ ተስፋፍቷል፤ ሻይ ኮምጣጣ አፈር የሚወድ ተክል ነው። በአዊ ደጋ ገብስ አልሆን ያላቸው ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር ተክለው ጥቂት ዓመት ጠብቀው ከሰል ያከስሉታል። ድንችና አጃም ከገብስ ይልቅ ኮምጣጣ አፈርን ይችላሉ። የወላይታ እንሰት ደግሞ ከቤት አይርቅም፤ ፍጉና አመዱ፣ የጓዳው ጥራጊ ሁሉ እሱ ሥር ስለሚደፋ የጓሮው አፈር ጠቁሮ ይለሰልሳል። ከጓሮው እየራቁ በሄዱ ቁጥር አፈሩ ወደ ቅላቱ ይመለሳል። የአፈር መመርመሪያ መሣሪያ ሳያስፈልግ ፍጉ እስከ የት እንደደረሰ በዓይን ይለያል።

የግብርና ባለሙያ የሚያዘው መድኃኒት ኖራ ነው። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፣ የታሰረውን ፎስፈረስ በከፊል ያስለቅቃል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ ለሄክታር በጥቂት ኩንታል ሲለካ ኖራ ሃያም አርባም ኩንታል ሊፈልግ ይችላል፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ይህን በአህያ ማመላለስ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላም ዝናቡ ስለሚያጥበው እንደገና ይጨመራል።

ኖራ ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቱን ሲሠራ ያንኑ ቀይ አፈር ከጭድ ጋር በእግሩ ረግጦ፣ አቡክቶና አሰንብቶ ይመርግበታል፤ ምርጉ ሲደርቅ ገንዘብ ከተረፈው ግድግዳውን ኖራ ይቀባዋል።