የጓሮ ተክሎችን ከውርጭ ለመታደግ ቅድሚያ ለሥር

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ ሰማዩ ሲጠራ በደጋማ አካባቢዎች የውርጭ ወቅት ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃንና በመሰል ቀዝቃዛ አካባቢዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር፣ ለዓመታት የተለፋበት ጽጌረዳ ወይም የፍራፍሬ ችግኝ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሊያድር ይችላል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ የጠቆረ ተክል ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ሥሩ ከተረፈ ተክሉ ዳግም ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ውርጭ የሚበረታው ደመና በሌለበትና ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ስትለቅ ደመና ካለ ከፊሉን ይመልሰዋል፤ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ግን ሙቀቱ በቀላሉ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ሲተርፍ ከግርጌው ያለው ሊመታ ይችላል።

አፈር ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ሥር ከቅጠል የተሻለ መጠለያ አለው። በብሪታኒያ ቁርን የሚቋቋሙ የፉሺያ አበባ ዝርያዎች መጀመሪያ ከበቀሉበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ተደርገው የሚተከሉት ለዚሁ ነው። ቅርንጫፋቸው በቁር ቢደርቅም ከአፈር ሥር አዲስ ቀንበጥ ያወጣሉ። የፍራፍሬ ችግኝን ግን አጥልቆ መትከል ግንዱን ለመበስበስ ስለሚያጋልጥ አይመከርም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ውርጩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ቋሚ ተክልን በሰኔና በሐምሌ መትከል ሥሩ እስከ ጥቅምት እንዲጠነክር ጊዜ ይሰጠዋል። በክረምቱ ማብቂያ ዩሪያ መጨመር ለውርጭ የሚጋለጥ ለጋ ቅጠል ስለሚያበዛ መቆጠብ ያሻል። በተክሉ ግርጌ ዙሪያ ጭድ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ማልበስ ሥሩን ከቁር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ግንዱን ሳይነካ ጥቂት ራቅ ማለት አለበት።

እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ የውርጭ ምልክት በታየበት ዕለት ቀን ላይ ማጠጣት ይጠቅማል። አመሻሽ ላይ ችግኙን በጆንያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ እስከ መሬት ድረስ መሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ደግሞ መግለጥ ይገባል። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በጣሳና በማሰሮ ያሉ አበቦች ሥራቸው በቀላሉ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ታዛ ወይም ቀን ፀሐይ ወደሚሞቀው የድንጋይ ግድግዳ ማስጠጋት ይመረጣል።

ተክሉ በውርጭ ከተመታ በኋላ ወዲያው መግረዝ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። የደረቀው ቅርንጫፍ ከሥሩ ላለው ክፍል ከለላ ይሆናል፤ ግርዛቱ የሚያስወጣው አዲስ ቀንበጥ ደግሞ በሚቀጥለው ውርጭ ይመታል። ስለዚህ ውርጩ ማለፉ እስኪረጋገጥ፣ በአብዛኛው እስከ የካቲት፣ መታገሥ ተገቢ ነው። ከዚያም የግንዱን ልጥ በጥፍር ጫር አድርጎ ማየት ይቻላል። ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ቅርንጫፉ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሕይወት እስካለበት ድረስ ዝቅ ብሎ መቁረጥ ነው። ግንዱ እስከ መሬት የደረቀ ቢሆን እንኳ ተክሉን ከመንቀል በፊት እስከ በልግ ዝናብ መጠበቅ ይበጃል።