ጠብታው ሳይጨመር አትውጡ

ሹክ ልበላችሁ። ዓይን ክፍል ስሠራ ስኳር ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚያሳስበኝ «ዓይኔ አያይልኝም» የሚለው ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ኧረ እኔ ደህና አያለሁ!» የሚለው ነው።

አንድ ጋሼ የዕይታ መለኪያ ሰንጠረዡን እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ወረዱትና ኮታቸውን አነሱ። «ጋሼ፣ ጠብታ ይቀራል» አልኳቸው። «ይኸው አነበብኩልሽ፣ ምን ቀረ?» አሉ። በስንት ልመና ተቀመጡ። ብሌናቸው እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ክፍሉን አጨልመን የዓይንን ውስጥ የምናይበትን መሣሪያ ወደ አረንጓዴ ብርሃን ስናዞረው፣ ቀይ ሆኖ ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ የነበረው ነጠብጣብ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ሲከርም በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለውን የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች አቅፈው የሚደግፉትን ሴሎች ይጨርሳል። ግድግዳው ሲደክም እዚህም እዚያም ያብጣል። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆይቶ ደም ወይም ቅባት ያንጠባጥባል። የምናነብበትን የሬቲና ማዕከል እስካልነካ ድረስ ግን ባለቤቱ ምንም አይታወቀውም፤ ሰንጠረዡም አያጋልጠውም።

ሌላም ልንገራችሁ። ስኳራችሁ ከፍ ብሎ ሳለ መነጽር አታሠሩ። በዚያን ጊዜ የዓይን ሌንስ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ስኳሩ ለሳምንታት ሲረጋ ውድ መነጽራችሁ አልሆን ይላል። ደግሞ ቀጠሮ ሲደርስ ሦስት ቀን ከጣፋጭ ርቃችሁ ብትመጡ ሐኪሙን አታታልሉም፤ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ሁሉንም ያወራል። የሚያዋጣው ሁልጊዜ መቆጣጠር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ተከታትሎ ነበር። ዓይናቸው ገና ካልተነካው መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት በሬቲና ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል።

ዓይነት 2 ከሆነ ስኳሩ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ከሆነ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በየዓመቱ ታዩ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ቶሎ ትምጣ። ስትመጡ ጥቁር መነጽርና ደጋፊ ሰው ያዙ፤ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና አትንዱ።

ጋሼ የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ በፀሐዩ እየተጨናበሱ «እያየሁ መጥቼ አሳወራችሁኝ!» እያሉ ወጡ። በዓመቱ ሲመለሱ ሰንጠረዡን ዞር ብለውም አላዩት። ቀና ብለው ተቀመጡና «ጠብታዋን አምጪያት» አሉኝ።