ከመፍረድ በፊት ማየት፦ የባንክ ስትሪት የመምህራን ሥልጠና

ስሙን ሲሰሙት ገንዘብ ቤት ይመስላል። ባንክ ስትሪት ግን ኒውዮርክ ያለ አነስተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። ስሙን ያገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ከገባበት መንገድ ሲሆን፣ በ1970 ወደ 112ኛ መንገድ ሲዛወርም ይዞት ሄደ።

ሲጀመር ኮሌጅ አልነበረም። ሉሲ ስፕራግ ሚቼል በ1916 ከባልደረቦቿ ጋር ያቋቋመችው የምርምር ቢሮ ነበር፤ ልጆች እንዴት እንደሚያድጉና ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚስማማቸው ለማጥናት። የፈላስፋው የጆን ዱዊ ተጽዕኖ ጎልቶ ይታይበታል፤ ልጅ የሚማረው ሠርቶ ነው ይላሉ። ይህንንማ ብዙ ማሠልጠኛ ይለዋል፣ ያውም ተማሪዎቹን ቀኑን ሙሉ ንግግር እያስገለበጠ። እዚህ ግን እጩ መምህሩ ራሱም በዚያው መንገድ ይማራል።

ጂኦግራፊን እንውሰድ። ሚቼል ልጆች ካርታ ከመሸምደዳቸው በፊት ሰፈራቸውን ዞረው እንዲያዩ ትፈልግ ነበር፤ ወንዙን፣ ጀልባውን፣ የሚወርደውን ጭነት። ተመልሰው ያዩትን በእንጨት ብሎኮች ይሠሩታል። እጩዎቹንም ከ1935 ጀምሮ ይዛቸው ዌስት ቨርጂኒያ ድረስ ሄደች፤ ከሰል የሚቆፍሩ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ በዓይናቸው እንዲያዩ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ማስታወሻ ደብተሩ ነው። እጩው ክፍል ውስጥ ጥግ ይይዝና አንድ ልጅ የሚያደርገውን ይጽፋል። የሚጽፈው ያየውን እንጂ የፈረደውን አይደለም። «ሰነፍ ነው» አይባልም። ይልቁንም «እርሳሱን ሦስት ጊዜ አነሳ፤ የጎኑን ልጅ ደብተር አየ፤ እርሳሱን መልሶ አስቀመጠ» ዓይነት ነገር ይሰፍራል። ይህን ያነበበ ሰው መጠየቅ ይጀምራል፦ ሰሌዳው አይታየው ይሆን? መሳሳት ፈርቶ ይሆን? ቁርስስ በልቷል? «ሰነፍ» ብሎ የዘጋ መምህር ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም። (እንዲህ ልጆችን የማዳመጥ ልማድ ለጸሐፊዎችም ጠቅሟል፤ በ1947 የታተመውን «ጉድናይት ሙን» የጻፈችው ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን የዚህ ቤት ተማሪ ነበረች።)

ማስታወሻው በደብተር ብቻ አይቀርም። እጩዎች ጥቂት ሆነው ከአንድ አማካሪ ጋር እየተገናኙ በክፍል የገጠማቸውን ይወያያሉ፤ አማካሪውም ትምህርት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲያስተምሩ ያያቸዋል። ኮሌጁ የራሱ የልጆች ትምህርት ቤትም አለው።

ይህ ሁሉ ውድ ነው። ለጥቂት እጩ አንድ አማካሪ መመደብ ለብዙ አገር የማይታሰብ ነው፤ 60 ተማሪ የያዘ መምህርም ሁሉንም በአንዴ ልከታተል ቢል አይችልም። ደብተሩ ግን ከእስክርቢቶ በቀር ወጪ የለውም። በየትምህርት ቀኑ አንድ ልጅ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢያይ፣ 60ውን ለማዳረስ 12 ሳምንት ይበቃዋል።