የተቆረጠ ጣት አይጣልም

አንድ ሰው ጣቱ በሥጋ መፍጫ፣ በእንጨት መሰንጠቂያ ወይም በፋብሪካ መኪና ሲቆረጥ ብዙዎቻችን የምንሯሯጠው ደሙን ለማቆም ብቻ ነው። የወደቀውን ጣት የሚያነሣው የለም። ዳሩ ግን ያ ጣት ተመልሶ ሊቀጠል ይችላል። አውራ ጣት የሌለው እጅ መዶሻ መጨበጥም መርፌ መያዝም ስለሚቸግረው ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በቻይና፣ በሻንጋይ ከተማ፣ ዶክተር ቼን ዦንግዌይና ባልደረቦቻቸው በመኪና የተቆረጠውን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ እጅ መልሰው ቀጠሉ። በ1965 ደግሞ በጃፓን፣ በናራ፣ ዶክተር ኮማትሱና ዶክተር ታማይ ፈጽሞ የተቆረጠ አውራ ጣት በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ቀጠሉ። የጣት ደም ሥር ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሐኪሙ አጥንቱን በቀጭን ሽቦ ካጋጠመ በኋላ ጅማቱን፣ ደም ሥሮቹንና ነርቮቹን ይሰፋል፤ ለደም ሥሮቹ የሚጠቀምበት ክር ከጠጉር የቀጠነ ነው።

ይህ ጥበብ ፍሬ የሚሰጠው ግን ጣቱ በደኅና ከሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ነው። ይህም በእርስዎ እጅ ነው።

በመጀመሪያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙ፤ እጁንም ከፍ ያድርጉ። ቡና አይነስንሱበት። ጣቱ በጥቂት ቆዳ ተንጠልጥሎ ከሆነ አይቁረጡት። የወደቀውን ጣት በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ከረጢት ይቋጥሩት። ከረጢቱን በረዶና ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ ከነካ ሥጋው በቅዝቃዜ ይሞታል፤ አልኮልም ይጎዳዋል። በረዶ ባይገኝም ጠቅልለው ይዘውት ይሂዱ።

ጣት ጡንቻ ስለሌለው ከክንድ ይልቅ ይቆያል፤ ሳይቀዘቅዝ እስከ 12፣ ቀዝቅዞ እስከ 24 ሰዓት ያህል። ቢሆንም መፍጠን ይበጃል።

ይህ ቀዶ ጥገና በየሆስፒታሉ አይሠራም፤ ክፉኛ የተጨፈለቀ ጣትም ላይቀጠል ይችላል። አውራ ጣት፣ በአንድ ጊዜ የተቆረጡ ብዙ ጣቶች ወይም የሕፃን ጣት ሲሆን ግን ሐኪሞች አጥብቀው ይሞክራሉ። አውራ ጣቱ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ከእግር ጣት ወስዶ መተካት ይቻላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሽተኛው ሲጋራ ማጨስ የለበትም፤ ደም ሥሩን ያጠብባል። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ የጣቱ ስሜት እስኪመለስ ወራት ይወስዳል፤ ቤተሰብም መታገሥ አለበት።

እንግዲህ ጣቱ ይቀጠል አይቀጠል የሚለውን ሐኪም ይወስን። የእርስዎ ድርሻ አንሥቶ ማድረስ ነው። ይህንንም ለጎረቤትዎና ለሥራ ባልደረባዎ ዛሬውኑ ያስረዱ።