በጋራ ስለሚከራዩ የሥራ ቤቶች

ደመወዙን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀበል፥ በኮምፒውተርና በኢንተርኔት ለራሱ እየሠራ የሚያድር ሰው በዛሬው ዘመን እጅግ በዝቷል። ይህ ሰው መኖሪያውን ቢሮ ያደረገው እንደ ሆነ ችግሩ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይተርፋል፤ ሕፃናቱ ዝም በሉ ይባላሉ፥ እመቤቲቱም ቡና ስትወቅጥ እንኳ ትሳቀቃለች። እርሱም ራሱ ከማለዳ እስከ ማታ የሚያነጋግረው ባልንጀራ የለውም።

ብራድ ኑበርግ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ለዚህ መላ ፈለገ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ስፍራ ተከራይቶ፥ በሳምንት ሁለት ቀን ጠረጴዛ እየዘረጋ፥ ለብቻው የሚሠራ ሁሉ መጥቶ አብሮት እንዲሠራ ጠራ። በመጀመሪያው ወር አንድም ሰው አልመጣለትም። እርሱ ግን ጥሪውን አልተወምና ጥቂት በጥቂት ሰው ተሰበሰበ፤ ነገሩንም ኮዎርኪንግ ብሎ ሰየመው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ቤት በብዙ አገር ተከፍቷል፤ በአዲስ አበባም አይስአዲስ በ2011 ተመሥርቷል። ጠረጴዛው በቀን ወይም በወር ይከራያል፤ መብራቱ፥ ኢንተርኔቱና የስብሰባው ክፍል የጋራ ነው። ለአከራዩ ግን ንግዱ አስጊ ነው። ዊወርክ የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ ሕንፃውን በረዥም ውል ይዞ በአጭር ጊዜ ያከራይ ስለ ነበረ፥ ተከራይ ሲጐድልበት ዕዳው ጸንቶበት በ2023 ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

እኛ እንደሚመስለን ተከራዩ የወሩን ሒሳብ ከመክፈሉ አስቀድሞ በቀን ኪራይ ቢሞክረው ይሻላል፤ ይልቁንም በስልክ ብዙ የሚነጋገር ከሆነ፥ በዚያ ክፍል ዝም በል የሚባለው እርሱ ነውና።